መጀመሪያ የገዛችሁት የጦርነት ጨዋታ ሕግ የትኛው ነበር? በትክክልስ ተጫውታችሁበታል?

መነሻ ፖስት

ጥያቄዬ አጭር ነው። ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ ወታደሮች ደርድራችሁ፣ በማስመሪያና በዳይስ ጦርነት የምትጫወቱ ሁሉ፣ መጀመሪያ የገዛችሁት የሕግ መጽሐፍ የትኛው ነበር? ከጓደኛ የተዋሳችሁትን አልጠየቅሁም። ፎቶ ኮፒም አይቆጠርም። ከኪሳችሁ አውጥታችሁ የገዛችሁትን ነው የምለው።

ከኔ ልጀምር። የኔ የዋርጌምስ ሪሰርች ግሩፕ የጥንት ዘመን ሕግ ነው፤ 6ኛው እትም፣ የ1980ው። ቁጥብ መጽሐፍ ነው። ሥዕል አያለሁ ብሎ የገዛው ሰው ያዝናል። አንድ ምስል (ማለት አንዷ ትንሽ አሻንጉሊት ወታደር) 20 ሰው ይወክላል። የሞተ የሚቆጠረው ግን በምስል ሳይሆን በሰው ነው። 33 ሰው ከሞተባችሁ አንድ ምስል ታነሳላችሁ፣ የቀረውን 13 ደግሞ ወረቀት ላይ ትይዛላችሁ። እሱ ለሚቀጥለው ዙር ይደመራል። በዚህ ላይ ወታደሮቹ ይጸናሉ ወይስ ይሸሻሉ የሚለውን የሚወስን የሞራል ፈተና አለ። ፈተናው የራሱ የመደመሪያና የመቀነሻ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩን ጨርሳችሁ ቀና ስትሉ ቀድሞ ምን ልታደርጉ እንደነበር ጠፍቶባችኋል።

ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው እያልኩ አይደለም። እንደውም እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ክርክሬ ሌላ ነው። አብዛኞቻችን መጀመሪያ በገዛነው ሕግ እንደተጻፈው ተጫውተን አናውቅም። ግማሹን አነበብን። ያልገባንን ዘለልነው። የጎደለውን ከባላጋራችን ጋር ተደራድረን ሞላነው። የተጫወትነው ጨዋታ የኛው ነው፤ መጽሐፉ ስሙን ነው ያዋሰን። የምንወደውም ለዚህ ይመስለኛል። ሙሉ በሙሉ ቢገባን ኖሮ እንደማንኛውም መመሪያ አንብበን እናስቀምጠው ነበር። እስቲ ሞግቱኝ።

(ከዚህ በታች ክሩ፣ ማለት ከፖስቱ ሥር የተከታተለው የመልስ ሰንሰለት፣ እንዴት እንደሄደ ነው የማወራው። መልሶቹ ረዘም ረዘም ያሉ ስለሆኑ፣ አንዳንዶቹም ጠንከር ያለ ቃል ስላለባቸው፣ በራሴ አነጋገር ላቅርባቸው። ቁጥራቸውን አልነካሁም።)

1ኛ መልስ

የጨዋ ሰው መልስ ነው። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ለጥያቄው አመስግኖ ነው የጀመረው። የሱ የዶናልድ ፌዘርስቶን የ1962 መጽሐፍ ነው፤ ብዙ ሰው የዘመናዊው ጨዋታ መነሻ የሚለው። ውስጡ ሦስት ሕግ እንዳለ አስታወሰን። የጥንቱ የቶኒ ባዝ፣ የፈረስና የጠመንጃ ዘመኑ የራሱ የፌዘርስቶን፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ደግሞ የላየነል ታር ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት አስተሳሰብ፣ አንድ መጽሐፍ። ሁሉም በአንድ ምሽት ንባብ ስለገባው የኔ ክርክር እሱን አይመለከተውም ባይ ነው።

ግን እዚያው ላይ አንድ ነገር ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ እሱና የአጎቱ ልጅ የመድፉን ርቀት ቀይረውታል፣ ፈረሰኛውን አፍጥነውታል፣ ለመልእክተኞች አዲስ ሕግ አውጥተዋል። መጽሐፉ ራሱ እንዲህ አድርጉ፣ እንደፈለጋችሁ ቀይሩት የሚል መንፈስ አለውና። ታዲያ ይሄ የኔው ክርክር አይደለም እንዴ? ብዬ አሰብኩና ዝም አልኩ። ገና በ1ኛው መልስ ሙግት መግጠም ደስ አይልም።

2ኛ መልስ

አጭር ነው፣ በሳቅ ምልክት የተሞላ። የሷ የ1983ቱ ዋርሃመር ነው። ሣጥን ውስጥ ሦስት ቀጫጭን መጽሐፍ፤ አንዱ ስለ ጦርነቱ፣ አንዱ ስለ አስማት፣ አንዱ ስለ ገጸ ባሕርያት። የአስማቱን መጽሐፍ በቃሏ ልትወጣው ምንም አልቀራትም። ምስል ግን አልነበራትም። ሠራዊቷ በሙሉ ካርቶን ቆርጣ ስም የጻፈችበት ነበር። በዓለም የመጀመሪያው የተረት ዓለም ጦርነት ሕግ እሱ ነው ብላም ዘጋችው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መድረክ ላይ ጥሎ መሄድ ምን እንደሚያስከትል የምታውቅ አይመስለኝም።

3ኛ መልስ

እርማት፣ ወዲያው። የመጀመሪያው እሱ አይደለም። ቼይንሜል በ1971 ወጥቷል። የጋሪ ጋይጋክስና የጄፍ ፔረን ሥራ ነው። መሠረቱ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ሆኖ፣ ከኋላው ላይ ዘንዶና ጠንቋይ ያለበት ተጨማሪ ክፍል ነበረው። ከሱ ነው በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የበቀለው። የሰውየው የመጀመሪያ ሕግ ራሱ ቼይንሜል መሆኑን ስትሰሙ የእርማቱ ሙቀት ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። በትልቁ ጦርነት አንድ ምስል 20 ሰው ነው፤ በትንሹ ደግሞ አንድ ለአንድ። የኔዋ 20 እዚህም መጣች።

ስለ ዋርሃመሩም አልተወም። ብራያን አንሴል፣ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ ሕጉን ሲያወጡት ዋናው ሐሳብ ሰው ምስል በብዛት እንዲገዛ ነበር፤ ይሄም ሚስጥር አይደለም። ስለዚህ በካርቶን ሠራዊት መጫወት የሕጉን ዓላማ ማክሸፍ ነው ብሎ ቀለደባት። እሷም በላይክ መለሰች።

4ኛ መልስ

ይሄ የአንጋፋ ሰው ነው። በዕድሜም በጨዋታም ስለሚበልጡን በአንቱታ ነው የማወራው። እሳቸው የገዙት የኤች ጂ ዌልስን ሊትል ዎርስ ነው። መጀመሪያ የታተመው በ1913 ነው፤ የሳቸው ግን በኋላ እንደገና የታተመው ነው። ክሩ ውስጥ ረጅሙን መልስ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ከሁሉም የጣመኝም እሱ ነው።

ዌልስ የሚጫወተው ወለል ላይ ነው። መድፉ እውነተኛ ነው፤ ማለት በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ የአሻንጉሊት መድፍ ነው፣ የእንጨት ቁራጭ ይተኩሳል። የተመታ ወታደር ወደቀ፣ ሞተ። ሰንጠረዥ የለም። ለተኩስ ዳይስ የለም። እግረኛ በአንድ ዙር 1 ጫማ ይሄዳል፣ ፈረሰኛ 2 ጫማ። መድፉ የሚሠራው ከ6 ኢንች ባልራቀ ቦታ ቢያንስ 4 የራሱ ወገን ሰዎች ሲኖሩት ነው። ለዙሩ ሰዓት ይያዛል፣ ያላለቀ እንቅስቃሴ ይቀራል። ከዚህ በላይ የምትጨምሩት ብዙ የለም።

እሳቸው ሕጉን የተማሩት በልጅነታቸው ነው። ምንም ያልገባቸው ነገር አልነበረም። ስለዚህ የምንወደው ስላልገባን ነው የሚለውን አነጋገር አይቀበሉትም። ጨዋ በሆነ ቋንቋ፣ ግን ቆራጥ ሆነው ነው የጻፉት። ከዚያ አንድ ነገር አከሉ። ከእህታቸው ጋር ሲጫወቱ አንድ ወታደር ተመትቶ ዘመመ። አልወደቀም። ከመጽሐፍ በተሠራ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ። ሞቷል ወይስ አልሞተም? እህትየው ተንበርክካ፣ ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ፣ እግሩ ሥር ብርሃን ይታይ እንደሆነ አየች። ብርሃን ከታየ ወድቋል፣ ካልታየ ቆስሏል ብለው ወሰኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በነሱ ቤት ቁስለኛ የሚባል ነገር ተፈጠረ። እሳቸው ይሄን የጻፉት እንደ ጨዋታ ማጣፈጫ ነው። ለኔ ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። ግልጽ ነው በሚባለው ሕግ ውስጥ እንኳ አንድ የዘመመ ወታደር አዲስ ሕግ ያስወጣል።

ከ5ኛ እስከ 7ኛ

እነዚህን በአንድ ላይ ልለፋቸው። 5ኛው ቻርጅ የተባለውን የ1967 መጽሐፍ ጠራ፤ የፒተር ያንግና የላውፎርድ ነው። ያንግ እውነተኛ ብርጋዴር፣ በጦርነት ኮማንዶ የነበረ ሰው መሆኑን ማወቁ ብቻ ልጅ ሳለ ያስደነግጠው ነበር። 6ኛዋ የቻርልስ ግራንትን የ1971 መጽሐፍ አነሳች፤ ከሕጉ ይልቅ ረጃጅም ሰልፍ የሠሩ ወታደሮች ፎቶግራፍ ነው የማረካት። 7ኛው ዲቢኤ፣ 1990 ብሎ ብቻ ሄደ፤ አጭሩን የጥንት ዘመን ሕግ ማለቱ ነው። ሦስቱም የኔን ክርክር አልነኩትም። ብዙ ሰው ርእሱን አንብቦ ነው የሚመልሰው።

8ኛ መልስ

እዚህ ጋ ነው ነገር የመረረው። 8ኛው የውድድር ሰው ነው። 4ኛውን በእርስዎ እያከበረ ነበር የጀመረው። ወደኔ ሲዞር ግን አንተ ሆነ፣ ድምፁም አብሮ ወፈረ።

የ6ኛው እትም ጸሐፊ ፊል ባርከር የጻፈው ነገር አይገባም ማለት አለማንበብ ነው ባይ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው አንድ ቦታ አንድ ሰው ስላጭበረበረ ነው። ርቀት የሚለካው ከየትኛው ጥግ ነው? ፈረሰኛ ጎን ለመምታት ስንት ዲግሪ መዞር ይችላል? ግማሽ አካሉ ጫካ ውስጥ ያለ ጓድ ጫካ ውስጥ ነው ወይስ ሜዳ ላይ? ከጓደኛህ ጋር ስትጫወት ይሄን በሳቅ ታልፈዋለህ። ከማታውቀው ሰው ጋር፣ ሰዓት ተቆጥሮ፣ ነጥብ ተይዞ ስትጫወት ግን አንድ የጎደለ ሐረግ ግማሽ ሰዓት ጭቅጭቅ ነው። እሱ መጀመሪያ የገዛው ልክ እንደኔው 6ኛው እትም ነው። አንብቦታል። እንደተጻፈው ተጫውቶበታል። ተደራድሬ ሞላሁት ማለት ለሱ የስንፍና ጌጥ ነው።

ነጥቡ የዋዛ አይደለም። ንግግሩ ቢጎመዝዝም፣ ሕግ ለማን ነው የሚጻፈው የሚለውን ጥያቄ ያነሳው መጀመሪያ እሱ ነው። እኔ ስለ ጓደኛ አወራለሁ፣ እሱ ስለ እንግዳ።

9ኛ መልስ

የታሪክ ሰው ትመስላለች። ጠቡ አዲስ አይደለም ብላ ሁለታችንንም ቀዝቀዝ አደረገችን። ወደ ፕሩሲያ ወሰደችን። ወጣቱ ራይስቪትስ በ1824 ያወጣው ክሪግስሽፒል ለመኮንኖች ማሠልጠኛ የተሠራ ነበር። ካርታው በ1 ለ8000 መጠን ነው። ተጫዋቾቹ ትዕዛዝ ለዳኛው ይሰጣሉ፣ ዳኛው በዳይስና በሰንጠረዥ ውጤቱን ያወጣል። እያደር ሰንጠረዡ ከበደ። ስሌቱ ጨዋታውን ጎተተው። በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ መኮንን ሰንጠረዡን ወዲያ በሉት ብሎ ተነሳ። ጦርነት የሚያውቅ ዳኛ ካለ፣ ውጤቱን እሱ በልምዱ ይወስን የሚል ሐሳብ ነበር ያመጣው።

በሷ አስተያየት 8ኛው በራይስቪትስ ወገን ነው፣ እኔ በቬርዲ ወገን። ደስ አለኝ፤ ሹመት ነው። ስለ ራሷ የመጀመሪያ ሕግ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

10ኛ መልስ

ዳኛ የሚለው ቃል ያንገበገበው ሰው ነው። የሱ የ1987ቱ ሮግ ትሬደር ነው፤ የዋርሃመር 40000 የመጀመሪያው። መጽሐፉ ጨዋታውን የሚመራ፣ ታሪኩን የሚያዘጋጅ ሦስተኛ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። እነሱ ቤት ያ ሦስተኛ ሰው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ሁለተኛው ተጫዋች ደግሞ የታላቅ ወንድሙ ጓደኛ። ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። የሱ ወታደሮች በሄዱበት ሁሉ ወይ ፈንጂ ይረግጣሉ፣ ወይ ከመሬት ሥር አውሬ ይወጣባቸዋል። አውሬው በመጽሐፉ ውስጥ እንደሌለ ያወቀው ካደገ በኋላ፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ ነው።

ስለዚህ ለቬርዲ ዱ ቬርኑዋ ያለው መልእክት አጭር ነው። ታላቅ ወንድም የለውም ማለት ነው።

ሁላችንም ሳቅን። 8ኛውም ላይክ አደረገ። ክሩ ውስጥ ያደረገው የመጀመሪያው ላይክ ይመስለኛል።

11ኛ እና 12ኛ

ሮግ ትሬደር ሲነሳ 11ኛው ስለ ዲዮዶራንቱ ታንክ ሳያወራ ማለፍ አልቻለም። በዚያን ዘመን ዋይት ድዋርፍ መጽሔት ላይ ከባዶ የዲዮዶራንት መያዣ ተንሳፋፊ ታንክ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ዛሬ ለሁሉም ነገር የተዘጋጀ ሞዴል ስለሚሸጥ ለአዲሶቹ ተረት ይመስላቸዋል። እሱ ዲዮዶራንቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም። እናቱ ዕቃውን ፈልጋ ስታጣ፣ ሁለት ቀለም ተቀብቶ መድፍ ወጥቶለት አገኘችው።

12ኛዋ ቀለሙ እንዴት ያዘልህ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ድሮዎቹ የኤርፊክስ ወታደሮች ሄዱ። ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆኑ ጠመንጃው ይተጣጠፋል፣ ቀለሙም አብሮ ይላጣል። አንዱ መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ፣ ከዚያ ቀጭን ሙጫ ይቀባል። ሌላው ሙጫው ፊታቸውን ያደፈርሰዋል ባይ ነው። ይሄ ወሬ ብቻውን አንድ ክር ይወጣዋል። ወደ ነገራችን ተመለሱ ብዬ 13ኛውን እኔ ጻፍኩ።

14ኛ እና 15ኛ

14ኛው አዲስ ገቢ ነው። ከላይ ስለ 6ኛው እትም የተወራውን አንብቦ፣ አማካይ ዳይስ ስለሚባል ነገር ሌላ ቦታ መስማቱንና ምን እንደሆነ እንዳልገባው ጻፈ። 15ኛው ቁጭ ብሎ አስረዳው። ስድስት ገጽ ያለው ተራ ኩብ ነው። ግን ከ1 እስከ 6 አይደለም የተጻፈበት። 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 5 ነው። ደምራችሁ ብታካፍሉ አማካዩ 3.5 ነው፤ ከተራው ዳይስ ጋር እኩል። ልዩነቱ 1 እና 6 የሉም። ሦስት ጊዜ ብትጥሉ ሁለቱን 3 ወይም 4 ማግኘት የሚጠበቅ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ሠራዊት በአንድ መጥፎ ውርወራ ብን ብሎ እንዳይጠፋ ነው።

16ኛ መልስ

ታዲያ ዳይሱ ለምን አስፈለገ? ውጤቱ እንዲጠበቅ ከሆነ በቀጥታ አትደምሩም? ሹል ናት፣ ግን ጥያቄዋ ልክ ነው። ሌላም ጨመረች። የዲቢኤ ሰው ናት። እዚያ እያንዳንዱ ወገን 12 ክፍል (አብሮ የሚንቀሳቀስ የወታደር ጓድ) ብቻ ነው ያለው። በየዙሩ አንድ ተራ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ስንት ትዕዛዝ መስጠት እንደምትችሉ ይወስናል። 6 ከወጣ ጄኔራል ናችሁ። 1 ከወጣ አንድ ክፍል ወይም አንድ ላይ የተሰለፉ ክፍሎችን አንቀሳቅሳችሁ የቀረውን ትመለከታላችሁ። ውጊያውም ሁለቱም ወገን ዳይስ ጥሎ፣ የክፍሉን ነጥብ ደምሮ ማወዳደር ነው። በደፈናው፣ የተበለጠ ያፈገፍጋል፣ በእጥፍ የተበለጠ ይነሳል። የሞተ አይቆጠርም፣ ቀሪ 13 ወረቀት ላይ አይያዝም። በተለመደው ጨዋታ 4 ክፍል ያጣ፣ ከባላጋራው ይልቅ ብዙ ካጣ፣ ተሸነፈ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

የሚገርመው ይሄም የፊል ባርከር እጅ ያለበት መሆኑ ነው። ያንን ሁሉ ሰንጠረዥ የጻፈው ሰው በ10 ዓመት ውስጥ ጥቂት ገጽ ላይ የሚያልቅ ሕግ ይዞ መጣ። 16ኛዋ ይሄን ለ8ኛው ነው የወረወረችው። ባርከር ራሱ ሰንጠረዡን ከተወው አንተ ምን ቤት ነህ ለማለት ነው።

8ኛው በ17ኛው መልሱ ተመለሰ። ገጹ አነሰ እንጂ ዓረፍተ ነገሩ አልሳሳም፤ እንደውም የበለጠ ተጨምቋል አላት። በዚህ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ዲቢኤን የተጫወተ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አድርጎ ሁለቴ ሦስቴ አንብቧል።

18ኛ መልስ

ከክርክሩ ዘወር ያለ፣ ግን ክሩን ያዳነ መልስ ነው። የመጀመሪያ ሕጉ የፍሌቸር ፕራት የባሕር ጦርነት ነው፤ በ1940 የታተመው፣ በኋላ ደግሞ እሱ ያገኘው። መርከቦቹ ወለል ላይ ይሰለፋሉ። መተኮስ የፈለገ ሰው በሆዱ ይተኛና ርቀቱን በዓይኑ ገምቶ በኢንች ይጽፋል። ከዚያ ነው በመለኪያ የሚለካው። ግምቱ ከደረሰ መታ፣ ካልደረሰ ውሃ። ዕድል የለም፤ ዓይን ነው። ዋርሃመር ላይም ለብዙ ጊዜ የመድፍና የድንጋይ ወርዋሪ ርቀት እንዲሁ በግምት ነበር።

ከዚያ ስለ አንድ ባላጋራው አወራ። ሰውየው ግምት አይስትም። ሁሌም ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ይላል። ክርኑን እዚህ ያሳርፋል፣ ጣቱ እዚያ ይደርሳል፣ ትንሽ ያስባል፣ ቁጥር ይናገራል። ያስባል ብለው ሲያከብሩት ኖሩ። አንድ ቀን ነው የገባቸው። ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ስንት ኢንች እንደሆነ ቤቱ ለክቶ በቃሉ ይዞታል። ስንዝሩንም እንደዚያው።

ከ19ኛ እስከ 22ኛ

ጠብ። 19ኛው ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም ብሎ ቆረጠ። 20ኛው ችሎታ ነው ባይ ነው። እውነተኛ መድፈኛም በሰውነቱ ይለካል፤ ክንድህን አውልቀህ ና ሊባል ነው እንዴ? 21ኛው ለ20ኛው ከሱ ጋር በጭራሽ እንደማይጫወት ነገረው፤ 20ኛውም ማንም አልጋበዘህም ብሎ መለሰ። ከዚህ በኋላ የተባባሉትን ልዝለለው።

22ኛው እንደገና የኛው 8ኛ ሰው ነው። ይሄን ሁሉ ሲያነብ ዝም ብሎ ቆይቶ ነው የመጣው። አሁን ገባችሁ? ነው ነገሩ። ከመለካት በፊት እጅ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ ይሄ ጭቅጭቅ አይኖርም ነበር። ባርከር ቢሆን ይጽፈው ነበር። በዚህ ክር ውስጥ ያሸነፈበት ቅጽበት ይሄ ነው፤ እሱም አውቆታል።

ግን 4ኛው ሰውዬ በ23ኛው መልሳቸው መጡና ሌላ ጎኑን አሳዩት። አንድ መስመር ቢጻፍ ክርኑን ያነሳና ዓይኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ይለካል። ያም ቢከለከል በጠረጴዛው ጨርቅ ዲዛይን። አድራጊው ሰው እስካለ ድረስ መስመሩ አያልቅም፤ ለዚህ ነው መጽሐፉ በየእትሙ የሚወፍረው። እሳቸው ከእህታቸው ጋር እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው አንዴ ሳንቲም ይጥሉ ነበር፣ አንዴ ይኮራረፉ ነበር። ኩርፊያውም ከዙር አይበልጥም፤ ሁለተኛ ተጫዋች ከየት ይመጣል?

8ኛው መልስ አልሰጠም። ወይ ተስማምቷል፣ ወይ ተኝቷል።

ከ24ኛ እስከ 26ኛ

ወጣቶቹ የገቡት እዚህ ነው። 24ኛው ሕግ የሚባል ነገር በገንዘብ ገዝቶ እንደማያውቅ፣ ሁሉንም በነጻ ፒዲኤፍ አውርዶ እንደሚጫወት ጻፈ። የገዛነውን ለጠየቅንበት ክር ምን ሊያደርግ እንደመጣ አልገባኝም፤ ግን ይምጣ። 25ኛዋ የ2012ቱን ቦልት አክሽን ነው የገዛችው። ዳይሶቹ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፣ አንድ ይወጣል፣ የማን ቀለም እንደሆነ ታይቶ እሱ ወገን አንድ ጓዱን ያዝዛል። ማን ቀጥሎ እንደሚንቀሳቀስ አይታወቅም። እሷ መጽሐፉን ከመክፈቷ በፊት ሰው ሲጫወተው ቪዲዮ ላይ አይታ ጨርሳዋለች። መጽሐፉን የገዛችው ለሥዕሉና አንዳንድ ቁጥር ለማየት ነው።

ይሄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ክርክሬን በትክክል የነካው ነው። እኔ ያልኩት ክፍተት፣ ያ ቁጭ ብላችሁ ምን ማለቱ ነው የምትባባሉበት ቦታ፣ ለሷ አልነበረም። ጥያቄ ሲኖራት ስልኳን አውጥታ በአንድ ደቂቃ መልስ ታገኛለች። ከባላጋራዋ ጋር የምትደራደረው ነገር የለም። ደስተኛ ናት፣ ጨዋታዋም አሪፍ ነው። ግን በራሷ ቤት ብቻ የሚሠራ አንድም ሕግ እንደሌላት ስጠይቃት፣ ለምን እንዲኖራት እንደሚያስፈልግ መልሳ ጠየቀችኝ። ቁስለኛውን የፈጠረችው የ4ኛው እህት ትዝ አለችኝ። ለ25ኛዋ ግን ወደ 4ኛው መልስ ተመልሰሽ አንብቢው አልኩና ተውኩት።

26ኛው የኔው መልስ ስለሆነ አልደግመውም።

ከ27ኛ እስከ 30ኛ

27ኛው 7ኛው ነው፤ ያ ዲቢኤ፣ 1990 ብሎ የሄደው። ለካ ሲያነብ ነበር። አሁን ጥያቄ ይዞ መጣ። ውጊያ የተሸነፈ ክፍል ሲያፈገፍግ ከኋላው የራሱ ወገን ክፍል ቆሞ ቢያገኝ ምን ይሆናል? ይገፋዋል? በመሐሉ ያልፋል? ወይስ ይጠፋል? እሱና ጓደኛው ከገዙት ጀምሮ ይገፋዋል ብለው ነው የሚጫወቱት፤ መጽሐፉን አይተው ይሁን ራሳቸው ፈጥረውት ግን አያስታውሱም።

28ኛው 16ኛዋ ናት። እንደ ክፍሉ ዓይነትና እንደ አቅጣጫው ይለያያል ብላ በዝርዝር አስረዳች። 29ኛው በዝርዝሯ ውስጥ አንዱ ትክክል አይደለም ብሎ ተነሳ፤ የሱ መጽሐፍ ሌላ ነው የሚለው። 30ኛው፣ እንደምትገምቱት፣ 8ኛው ነው። ከመከራከራችሁ በፊት የየትኛው እትም መጽሐፍ ነው በእጃችሁ ያለው፣ የ1990ው ነው ወይስ የ2014ቱ 3ኛው፣ ሽፋኑን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ ብሎ አዘዘ።

እስካሁን ሁለት ሽፋን ተለጥፏል። አንድ አይደሉም።